ሰባት ወር ከባይናሪ ሰዓቴ ጋር

ሰው የሚገመግመው ብዙውን ጊዜ ገዝቶ የተጠቀመበትን ዕቃ ነው። የእኔ ግን ለየት ይላል። ሰዓቷን የሠራኋት እኔ፣ የምጠቀምባት እኔ፣ ስትበላሽ ተሳዳቢውም ተሰዳቢውም እኔው። ስለዚህ አላዳላም ብል አትመኑኝ።

ነገሯ ቀላል ናት። በኮምፒውተሬ ስክሪን ላይ፣ ቀኝ ጥግ የምትቀመጥ ትንሽ መስኮት ናት። ጊዜውን የምትናገረው በባይናሪ፣ ማለትም በ1 እና በ0 ብቻ በሚጻፍ ቁጥር ነው፤ የበራ ክብ 1፣ የጠፋ ክብ 0። ተራ ቁጥር የሚባል አይታይባትም። ያላት ሦስት ረድፍ ክብ ብቻ ነው፦ ላይኛው ሰዓት፣ መካከለኛው ደቂቃ፣ ታችኛው ሰከንድ። በ24 ሰዓት አቆጣጠር እስከ 23 ለመቁጠር 5 ቢት (አንዱ ቢት አንድ 1 ወይም 0 ነው) ስለሚበቃ ሰዓቱ 5 ክብ አለው። ደቂቃና ሰከንድ እስከ 59 ስለሚሄዱ 6፣ 6 ክብ ደረሳቸው። በድምሩ 17። ከቀኝ ወደ ግራ ዋጋቸው 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 ነው። የበሩትን ደምሮ ማንበብ ነው እንግዲህ። 13:37 ሲሆን ከላይ 8፣ 4 እና 1 ይበራሉ፤ ከሥሩ ደግሞ 32፣ 4 እና 1።

የጻፍኳት በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ነው። መስኮቱንና ክቦቹን የሚስልልኝ ከፓይተን ጋር የሚመጣው ቲኪንተር የሚባል መሣሪያ ነው። የመጀመሪያው ኮድ አንድ ምሽት እንኳ አልፈጀም። ይከብዳል ብዬ የፈራሁት ባይናሪው ከሁሉም ቀላሉ ሆኖ አገኘሁት። ለነገሩ ኮምፒውተሩ ድሮም ቁጥር የሚይዘው በባይናሪ ነው። ቁጥሩን አንድ አንድ ቦታ ወደ ቀኝ እየገፉ፣ ጫፍ ላይ የቀረው 1 ነው ወይስ 0 ብሎ ማየት ብቻ ነው። 1 ከሆነ ይብራ፣ 0 ከሆነ ይጥፋ።

ጣጣው የመጣው በኋላ ነው። በሦስተኛው ቀን ላፕቶፔ መንቀራፈፍ ጀመረ። ብሮውዘሩን ጠረጠርኩ፤ እንደተለመደው። ከፍቼ ሳይ ራሙን (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) የምትበላው ያቺው የጥፍር ታህል ሰዓት ናት! ለካ በየሰከንዱ አዳዲስ ክብ ነበር የምስለው፤ አሮጌዎቹን ግን አላጠፋም። 17 ክብ በየሰከንዱ ሲደራረብ በአንድ ቀን ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ዓይን የሚያየው ከላይ ያሉትን ብቻ ስለሆነ ምንም አያስታውቅም። መፍትሔው 17ቱን ክብ መጀመሪያ ላይ አንዴ ስሎ፣ ከዚያ በኋላ ቀለማቸውን ብቻ መቀያየር ነበር። ይኸው ከዚያ ወዲህ ራሟ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።

ሁለተኛው ችግር ስውር ነበር። አልፎ አልፎ አንድ ሰከንድ ትዘላለች። ከ14 ቀጥታ 16። መጀመሪያ ዓይኔ ነው አልኩ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቲኪንተርን «ከ1000 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ቀስቅሰኝ» ስለው ቢያንስ 1000 ይጠብቃል እንጂ ልክ በ1000 አይደርስም። በዚያ ላይ ክቦቹን ለመቀየር የሚፈጀው ጊዜ ይጨመራል። በየዙሩ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ እየተንሸራተተ ሄዶ አንዱን ሰከንድ ሙሉ ይዘለዋል። አሁን ሁልጊዜ 1000 አልልም፤ ቀጣዩ ሰከንድ እስኪገባ ስንት ሚሊ ሰከንድ ቀረ ብዬ አስልቼ ያንን ብቻ ነው የምጠብቀው። ደግነቱ ሰዓቱን በየጊዜው ከኮምፒውተሩ ነው የማነበው። ሰከንዱን ራሴ እየደመርኩ ብቆጥር ኖሮ፣ ላፕቶፑ ተኝቶ በተነሳ ቁጥር ወደ ኋላ እቀር ነበር።

ከዚያ ደግሞ ማሳመር መጣ። የመስኮቷን ጠርዝ አነሳሁት፤ አማረባት። ግን የመዝጊያው ምልክትና መያዣው አብረው ሄዱ። መዝጋትም ማንቀሳቀስም አቃተኝ፤ ፕሮግራሙን በግድ ነው የገደልኩት። በማውስ የሚጎተትበትንና በቀኝ ክሊክ የሚዘጋበትን ኮድ ራሴ መጻፍ ነበረብኝ። የተቀመጠችበትን ቦታ እንድታስታውስም አደረግኩ። ይህም ሌላ ጣጣ አመጣ። ሁለተኛውን ስክሪን ስነቅለው ሰዓቷ እዚያው በሌለው ስክሪን ላይ ቀረች። በሥራ ላይ ነች፣ ግን የለችም። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። እስካሁን በትክክል አላስተካከልኩትም። ስትጠፋ ቦታዋን የያዘውን ፋይል አጥፍቼ እንደገና እከፍታታለሁ።

አጠቃቀሙስ? የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በጣት እየቆጠርኩ ነው ያሳለፍኩት። 16 ሲደመር 4 ሲደመር 1 እያልኩ ሳሰላ ደቂቃው ይቀየርብኛል። መሃል ላይ ተሸንፌ ወደ ቢሲዲ ዞርኩ። በዚህኛው አቀማመጥ እያንዳንዱ የዲጂታል ሰዓት አኃዝ የራሱ ዓምድ አለው፤ 37 ማለት አንድ ዓምድ 3፣ ቀጣዩ 7 ነው። ከ9 በላይ መደመር የለም። 20 ክብ ይፈልጋል እንጂ ለንባብ በጣም ይቀላል። ለጀማሪ የምመክረው እሱን ነው። እኔ ግን በሁለት ሳምንቴ ሰለቸኝና ተመለስኩ። ያው ተራ ዲጂታል ሰዓት ጭንብል አጥልቆ የመጣ መሰለኝ።

ሁለተኛው ወር ገደማ መደመሩ ሳላውቀው ቀረ። አሁን ቅርጹን ነው የማውቀው፤ ቃል ስናነብ ፊደል እንደማንቆጥረው። ከ31 ወደ 32 ያለውን ሽግግር እወደዋለሁ፤ አምስቱ ክቦች በአንዴ ድርግም ይሉና ስድስተኛው ብቻውን ይበራል። 59 ላይ ደግሞ ሁሉም የሚበሩ ይመስላችኋል፤ አይበሩም። ሁሉም ቢበሩ 63 ይሆን ነበር። የ4ቷ ክብ ሁልጊዜ ጠፍታ ትቀራለች።

የሰከንዱን ረድፍ ዘግቼዋለሁ። ዓይን ይሰርቃል፤ በሥራ ሰዓት ጥግ ላይ ብልጭ ድርግም የሚል ነገር አይመከርም። ቀለሙንም ቀይሬዋለሁ። መጀመሪያ አረንጓዴ ለበራው፣ ቀይ ለጠፋው አድርጌ ነበር። ሁለቱን ለመለየት የሚቸገር ባልደረባዬ አይቶ «ሁሉም አንድ ናቸው እኮ» አለኝ። አሁን የበራው ሙሉ ክብ ነው፣ የጠፋው ባዶ ቀለበት።

ስብሰባ ሲረፍድብኝስ? እውነቱን ለመናገር ዓይኔ ሮጦ የሚሄደው ወደ ኮምፒውተሩ ተራ ሰዓት ነው።

ይህን ስጨርስ ከላይ 16፣ 4 እና 2 በርተዋል፤ ከሥር 32፣ 16፣ 8፣ 2 እና 1። ልተኛ።