ካንዴላውን መርምረው ማሽኔን ላስነሱልኝ መካኒክ

በረዶ ጠራጊ ማሽናችሁ አልነሳ ብሎ ለምትቸገሩ ሁሉ አንድ ባለሙያ ልጠቁማችሁ። የትናንሽ ሞተሮች መካኒክ ናቸው። ስማቸው እዚህ እንዳይጻፍ ስለፈለጉ አልጽፈውም፤ ምስጋናዬን ግን በአደባባይ ካልተናገርኩ ዕረፍት የለኝም።

ማሽኔ ገመዱ ሲሳብ ትንሽ አጉረምርሞ ይጠፋል። ሌላ ቦታ ሳሳየው ገና ሳይከፈት ካርቡራቶሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ይቀየር ተባልኩ። እኚህ ሰው ግን በመጀመሪያ ካንዴላውን፣ ማለትም ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ክፍል፣ ፈተው ወደ ብርሃን ወሰዱት። ጫፉ በደረቅ ጥቀርሻ ጠቁሯል። ጤነኛ ካንዴላ ፈዛዛ ቡናማ ወይም ግራጫ እንደሚሆን፣ እርጥብና ቅባታም ጥቁረት ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፣ ደረቅ ጥቀርሻ ደግሞ ቤንዚኑ ከአየሩ መብዛቱን እንደሚያመለክት አስረዱኝ። በረዶ ጠራጊ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ የአየር ማጣሪያ ስለሌለው በቀጥታ ቾኩን፣ ማለትም ሞተሩ ሲነሣ የአየሩን መግቢያ የሚያጠበውን መዝጊያ፣ አዩ፤ ማያያዣው ላልቶ እስከ መጨረሻው አይከፈትም ነበር። እሱ ሳይስተካከል አዲስ ካንዴላ ቢገባ ኖሮ ያው መልሶ መጥቆር ነው።

ካንዴላ አመራረጣቸው ደግሞ ጥንቃቄ ማለት ምን እንደሆነ አሳይቶኛል። መልኩ ስለተመሳሰለ ብቻ አያነሱም፤ ከሞተሩ መመሪያ ላይ ቁጥሩን ያረጋግጣሉ። ጥርሱ ከሚገባው በላይ የረዘመ ካንዴላ ፒስተኑን ሊመታ ይችላል። የሙቀት ደረጃው (ካንዴላው ሙቀት የሚያስወጣበት ፍጥነት) አጻጻፍም ከአምራች አምራች ይለያያል፤ በኤን ጂ ኬ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ፣ ማለትም ሙቀቱን ቶሎ የሚያስወጣ፣ ይሆናል፣ በሻምፒዮን ግን ተቃራኒው ነው። ከካርቶኑ የወጣውን አዲሱን እንኳ ሳይለኩ አላስገቡትም፤ ለእኔ ሞተር የታዘዘው፣ ብልጭታው የሚዘልበት የጫፉ ክፍተት 0.76 ሚሊሜትር ነበር።

ሲገጥሙም አልተጣደፉም። ሞተሩ ቀዝቅዟል፣ በካንዴላው ዙሪያ ያለው ቆሻሻ ቀድሞ ተጠርጓል። ቴስታታው (ካንዴላው የሚገባበት የሞተሩ ራስ) አሉሚኒየም ስለሆነ ጥርሱ እንዳይበላሽ መጀመሪያ በጣታቸው ብቻ አዞሩት፤ ሮንዴላው (የካንዴላው ማሸጊያ ቀለበት) ቴስታታውን ሲነካ በቁልፍ ግማሽ ዙር ያህል አጠበቁት። ከዚያ ገመዱን ለእኔ ሰጡኝ፤ ስስበው ወዲያው ተነሣ!

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ካንዴላውን ራሴ እንድቀይረው እያንዳንዱን ደረጃ ማሳየታቸው ነው። ገበያቸውን የሚቀንስባቸውን እውቀት ሳይሰስቱ ሰጡኝ። እጅዎ ይባረክ፣ ጋሼ!

አድራሻቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ስትሄዱ የሞተሩን ሞዴል ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ፤ አሮጌውን ካንዴላም ሳታጸዱት ውሰዱላቸው።