ለ«በጎ ፈቃድ ጉዞ» ከመክፈላችሁ በፊት፦ የሚሸጡላችሁ ደብዳቤ ብቻ ነው

«ወደ ጀርመን፣ እንግሊዝና ካናዳ የበጎ ፈቃደኛ ዕድል፤ ሙሉ ወጪ የተሸፈነ፤ ቋንቋ አይጠየቅም፤ ልምድ አይጠየቅም፤ የቀረው ጥቂት ቦታ ነው።» እንዲህ የሚል ማስታወቂያ በቴሌግራም አይታችሁ ለመመዝገብ ካሰባችሁ፣ ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ። በውጭ ሀገር በበጎ ፈቃድ ማገልገል እውነተኛ ነገር ነው። በየዓመቱ ብዙ ወጣቶች ይሄዳሉ፣ አገልግለው ይመለሳሉ። ችግሩ በነጻ የሚገኘውን ቦታ፣ ወይም ጭራሹን የሌለውን ቦታ፣ በብር የሚሸጡ ደላሎች መብዛታቸው ነው።

አካሄዳቸው ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ትንሽ የመመዝገቢያ ክፍያ ይጠይቃሉ። ትንሽ የሚያደርጉት አስበውበት ነው፤ ለዚያ ብር ብሎ ፖሊስ ጣቢያ የሚሄድ ሰው የለም። በሦስት በአራት ቀን ውስጥ ማኅተምና ፊርማ ያለበት «የቅበላ ደብዳቤ» ይመጣል። ማንም አላነጋገራችሁም፣ ማንም አልጠየቃችሁም፣ ግን ተቀብለዋችኋል። ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ክፍያ የሚጀምረው፦ የኤምባሲ ቀጠሮ፣ ኢንሹራንስ፣ የሰነድ ትርጉም፣ «ፋይል ማስከፈቻ»። እያንዳንዱ «የመጨረሻው ነው» ይባላል። ቀድሞ የከፈለ ሰው የከፈለው እንዳይባክንበት ሌላ ይጨምራል። መጨረሻ ላይ ቪዛው ይከለከላል፤ የፈረማችሁት ወረቀት ላይ ደግሞ «የአገልግሎት ክፍያ አይመለስም፣ ቪዛ የሚወስነው ኤምባሲው ነው» የሚል መስመር አለ። ደላላው በቪዛው መከልከል የሚያጣው ነገር የለም። ትርፉን ያገኘው ኤምባሲው ከመወሰኑ በፊት ነው።

«ፈቃድ ያለን ኤጀንሲ ነን» ካሏችሁ ፈቃዱ የምን እንደሆነ ጠይቁ። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ለውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት የሚሰጠው ፈቃድ ሠራተኛን ከአሠሪ ለማገናኘት ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፈቃድ አውሮፓ ውስጥ የበጎ ፈቃደኛ ቦታ ስለመኖሩ ምንም ማስረጃ አይሆንም።

ደላሎች አብዝተው የሚጠሩት ጀርመንን ስለሆነ እሱን በዝርዝር እንየው። እዚያ ከውጭ የሚመጡ ወጣቶች የሚያገለግሉበት አንዱ ዋና መንገድ ቡንደስፍራይቪሊገንዲንስት፣ በአጭሩ ቤኤፍዴ፣ የሚባለው የፌዴራል የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ነው። ሥራው በአረጋውያን መኖሪያ፣ በመዋዕለ ሕፃናት፣ በሆስፒታል ወይም አካል ጉዳተኞችን በሚረዱ ተቋማት ውስጥ ነው። አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ይቆያል። ለበጎ ፈቃደኛው የሚሰጠው የኪስ ገንዘብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ከፍተኛው ጣሪያ በወር 644 ዩሮ ነበር፣ ብዙ ተቋማትም ከዚያ በታች ይከፍላሉ። ስለዚህ «ደመወዝ 1,500 ዩሮ» የሚላችሁ ሰው ስለሚሸጠው ነገር አያውቅም፣ ወይም እያወቀ ይዋሻችኋል። የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮውን፣ የጤና መድኅኑን ጨምሮ፣ የሚከፍለው ተቀባዩ ወገን ነው። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የጉዞ መድኅን ሊጠየቅ ይችላል፤ የዓመት ኢንሹራንስ ግን ከእናንተ ኪስ አይወጣም።

የቤኤፍዴ ስምምነት ከጀርመን ፌዴራል መንግሥት ጋር የሚደረግ ነው። በመንግሥት ስም የሚፈርመው ኮሎኝ የሚገኘው፣ ባፍዛ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። የእናንተ ወረቀት ላይ ያለው የአንድ ማኅበር ማኅተም ብቻ ከሆነ፣ በተለይም የሥራ ቦታው አድራሻ፣ የሳምንቱ ሰዓት፣ የዕረፍት ቀናትና የሥልጠና ቀናት ካልተጻፉበት፣ በእጃችሁ ያለው ስምምነት ሳይሆን ደብዳቤ ነው። ዕድሜያቸው ከ27 በታች ለሆኑ በዓመት 25 የሥልጠና ቀናት አሉ፤ ሐሰተኛ ሰነድ የሚያዘጋጁት ይህን ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል። ለረጅም ጊዜ ቆይታ የሚጠየቀው ብሔራዊ ቪዛ 75 ዩሮ ነው። ቋንቋ አይጠየቅም መባሉንም አትመኑ፤ አረጋዊን የሚያጥብና መድኃኒት የሚያስታውስ ሰው ጀርመንኛ ሳይሰማ አይሠራም። አብዛኛው ተቀባይ ተቋም ቢያንስ መሠረታዊ ደረጃ ይፈልጋል።

ሌላው የጀርመን በር ቬልትቬርትስ የሚባለው የበጎ ፈቃድ ፕሮግራም ነው። ገንዘቡ በዋናነት ከጀርመን የልማት ትብብር ሚኒስቴር ይመጣል። መጀመሪያ የጀርመን ወጣቶችን ወደ ሌሎች አገሮች ይልክ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ከአጋር አገሮችም ወደ ጀርመን ያመጣል። ምርጫው የሚካሄደው ተቀባዩ ድርጅት በአገር ቤት ባለው አጋር በኩል ነው። የቦታ ክፍያ የለውም።

እንግሊዝ ደግሞ የበጎ አድራጎት ሠራተኛ ቪዛ አላት። ረጅሙ ቆይታ 12 ወር ነው፣ ሥራውም ያለ ደመወዝ ነው። ለዚህ ቪዛ ስፖንሰር የሚሆነው ድርጅት ከመንግሥት የስፖንሰርነት ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ የባለፈቃዶቹን ዝርዝር ማንም ሰው በነጻ ከመንግሥቱ ድረ ገጽ ማውረድ ይችላል። ደብዳቤያችሁ ላይ ያለውን ስም እዚያ ፈልጉት። ከሌለ ጉዳዩ አለቀ። ካለም ስሙን ሰርቀው ሊሆን ስለሚችል ራሱን ድርጅቱን ጠይቁ።

የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም፣ ዩኤንቪ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ጀርመን ቦን ነው። ለማመልከቻም፣ ለቃለ መጠይቅም፣ ለሥልጠናም ገንዘብ አያስከፍልም። ማመልከቻው በራሱ መድረክ ላይ ብቻ ይሞላል። ከጂሜይል አድራሻ የመጣ «የዩኤን ደብዳቤ» ካያችሁ ሁለተኛ አታንብቡት።

ሁሉም ክፍያ ማጭበርበር ነው ማለታችን አይደለም። ሁለት ሦስት ሳምንት የሚቆዩ የሥራ ካምፖች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1920 በስዊሱ ፒየር ሴሬሶል አነሳሽነት ፈረንሳይ ውስጥ ቬርደን አጠገብ ከተጀመረው እንቅስቃሴ የመጡ ናቸው። እነዚህ የተሳትፎ ክፍያ አላቸው፣ የአውሮፕላን ቲኬቱም በተጓዡ ነው፤ በምላሹ ማደሪያና ምግብ ይሰጣሉ። ይህ ሐቀኛ አሠራር ነው። ነገር ግን የሚጠይቀው የአጭር ጊዜ የሸንገን ቪዛ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ሲሆን ቢከለከልም አይመለስም። ይህ ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አያስቆይም። «በካምፕ ግቡና እዚያው ሥራ ትጀምራላችሁ» የሚለው ምክር ሕጋዊ ወረቀት ይዞ የገባን ሰው ሕገ ወጥ የሚያደርግ ነው።

እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለመለየት አንድ ነገር አስተውሉ፦ እውነተኛው ድርጅት ብዙ ይጠይቃችኋል። በቪዲዮ ያነጋግራችኋል። ለምን መምጣት እንደፈለጋችሁ፣ የሚያውቃችሁ ሰው ማን እንደሆነ፣ ጤናችሁ እንዴት እንደሆነ ይጠይቃል። ከሕፃናት ጋር የሚያሠራ ከሆነ የፖሊስ ክሊራንስ ሳያይ አይቀበልም። ወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ማንነታችሁን ሳያጣራ ለሁለት ሳምንት የሚያስገባችሁ ፕሮጀክት፣ ክፍያው ትንሽም ይሁን ብዙ፣ ልጆቹን ለአደጋ የሚያጋልጥ ነው፤ እዚያ አትሂዱ። ይህን አሜሪካና አውሮፓ ላላችሁ፣ ልጆቻችሁን በክረምት በጎ ፈቃድ ለመላክ ለምታስቡ ወላጆችም እንላለን።

ደብዳቤው ላይ ያለውን ስልክ አትደውሉ፤ የሚያነሳው ደላላው ነው። የድርጅቱን አድራሻ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ደብዳቤውን ላኩና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ይህን ደብዳቤ እናንተ ጻፋችሁት? የማድርበት ቤት የት ነው? ኃላፊዬ ማን ነው?

መዳረሻው በድንገት ሲቀየር ግን ገንዘባችሁ ብቻ አይደለም አደጋ ላይ ያለው። አውሮፓ ተብሎ የተጀመረ ፕሮሰስ «ለጊዜው በታይላንድ እንግሊዝኛ አስተምሩ» ወደሚል ከዞረ ተዉት። ታይላንድ ውስጥ በጎ ፈቃደኛም ቢሆን የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በቱሪስት ቪዛ ግቡ የሚላችሁ ሰው ይህን እያወቀ ነው። ከባንኮክ በመኪና ወደ ድንበር ከተማዋ ሜ ሶት የሚወስድ ሰው ወንዙን አሻግሮ ወደ ምያንማር፣ ወደ ምያዋዲ አካባቢ ይወስዳችኋል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ እዚያ ካሉት የኦንላይን ማጭበርበሪያ ግቢዎች ከወጡት ሰዎች መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ወደዚያ የተወሰዱት በጥሩ ሥራ ተስፋ ነው።

በተጨበረበረ ሰነድ ማመልከትም መዘዙ ከእናንተ ጋር ይቀራል። የባንክ ስቴትመንት «ተከራይተን እናሳይላችኋለን» ሲሏችሁ እሺ አትበሉ። እንግሊዝ ለማታለል ሙከራ እስከ 10 ዓመት ልትከለክል ትችላለች፤ አሜሪካ ለዕድሜ ልክ። ሰነዱን ደላላው አዘጋጅቶትም ቢሆን ማመልከቻው ላይ ያለው የእናንተ ስምና ፊርማ ነው።

ቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ስክሪንሾት አንሱ። በቴሌግራም የግል ውይይት ውስጥ ያኛው ወገን መልእክቱን ከእናንተም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል፤ ለፖሊስ እንደምታመለክቱ ከነገራችሁት በኋላ ምንም ላይቀር ይችላል። ኮምፒውተር ላይ ባለው ቴሌግራም ሙሉ ውይይቱን አውጥቶ ማስቀመጥ ይቻላል። የቴሌብር ወይም የባንክ የግብይት ቁጥሩን፣ የተቀባዩን ሙሉ ስም፣ ደረሰኙንና ማስታወቂያው የወጣበትን ቀን አንድ ላይ አስቀምጡ። ባንኩን በጽሑፍ አሳውቁ። ፓስፖርታችሁ እነሱ ጋ ካለ ከገንዘቡ በፊት እሱን አስመልሱ፤ ቅጂ እንጂ ዋናውን ለማንም አትስጡ። ከዚያ ማስረጃውን ይዛችሁ ወደ ፖሊስ ሂዱ፣ አብረዋችሁ የከፈሉ ሰዎችን ካገኛችሁም አብራችሁ አመልክቱ። በሰጧችሁ ደብዳቤ ገና ኤምባሲ ካልገባችሁ ደግሞ አታስገቡት።