ለቁስል ስፌት ልምምድ ምን ልግዛ? ሲሊኮን ፓድ (ቆዳ መሰል መለማመጃ) ወይስ የፍየል እግር?

ሐረርም ሆነ ድሬዳዋ ሕክምና የሚማር ሰው ሲ ዋን (የመጀመሪያው የክሊኒካል ዓመት) ሲቃረብ ይህን መጠየቁ አይቀርም። የውጭ ቪዲዮዎች የአሳማ እግር ግዙ ይላሉ። የግመል ሥጋ በሚሸጥበት ሐረር የአሳማ እግር ፍለጋ ዙሩ እስቲ! የእኛው አማራጭ ፍየል ነው።

ፓዱ የሚያሸንፈው በምቾቱ ነው። አይሸትም፣ ማታ ዶርም ውስጥ ትሠሩበታላችሁ። ግን ሲሊኮን ሁሉ አንድ አይደለም። ርካሹ ፓድ ክሩን ጠበቅ ስታደርጉት ይቀደዳል። ከመክፈላችሁ በፊት ጠርዙን አጠፍ አድርጋችሁ እዩት። ከላይኛው ሽፋን ሥር መረብ ካለው ክሩን ይይዛል፤ ከሌለው ይቅርባችሁ።

ፓዱ ግን ጥፋታችሁን ይሸፍናል። በፎርሴፕስ (በመቆንጠጫው) ጨምቃችሁ ብትይዙት ምንም አይመስለውም። የፍየል ቆዳ ላይ የጨመቃችሁበት ምልክቱ ይቀራል። መርፌውን አጋድማችሁ ካስገባችሁም የቁስሉ ጠርዝ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ቀጥ አድርጋችሁ፣ በ90 ዲግሪ አስገቡት። እግሩ ቆዳው ያልተገፈፈ ይሁን፤ ጸጉሩን በምላጭ ላጩት። በድሬ ሙቀት ጠዋት የተገዛ እግር ከሰዓት ክፍል ውስጥ ከተገኘ ዶርም ተጋሪዎቻችሁ እናንተንም ጭምር ያስወጧችኋል። ጓንት አድርጉ፣ መርፌውን ሃይላንድ ውስጥ ክተቱ።

ለቋጠሮ ሁለቱም አያስፈልጉም። ቀለማቸው የተለያየ ሁለት የጫማ ክር አያይዛችሁ ወንበር እግር ላይ እሰሩ። በየዙሩ አቅጣጫ እየቀያየራችሁ ካሰራችሁ ቋጠሮው ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል። ካልቀየራችሁ ይጣመማል፣ ሲጎተትም ይንሸራተታል። በቀለሙ የቱ ጋ እንደተሳሳታችሁ ወዲያው ታያላችሁ። ከዚያ ወደ ሲልክ ክር እለፉ። ናይለን ስለሚያዳልጥ ተጨማሪ ዙር ይፈልጋል፣ መጨረሻ ላይ አድርጉት።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ብሩ መጀመሪያ መውጣት ያለበት ለኒድል ሆልደር (ለመርፌ መያዣው) ነው። ከርካሽ ኪት ጋር የሚመጣው መርፌውን አጥብቆ አይዝም፣ በወጋችሁ ቁጥር ይዞርባችኋል። መንጋጋውን ገጥማችሁ ወደ ብርሃን አንሡት፤ ጫፉ ላይ ብርሃን ካሳለፈ መልሱት። ወርቃማ እጀታ የጥራት ምልክት ነው ብላችሁም አትሸወዱ፣ ቀለም ብቻ ሊሆን ይችላል።

የተረፈው ብር መረብ ላለው ፓድ ይሁን። የፍየሉን እግር ድንገተኛ ክፍል ልትመደቡ ስትሉ ግዙ፣ ለሁለት ለሦስት ሆናችሁ ብታዋጡ ይበቃል። ክር ባትገዙም ይሆናል። ጊዜው ያለፈበት ስቲች (የቁስል መስፊያ ክር) ካገኛችሁ ለልምምድ ያገለግላል፤ ብቻ ለታካሚ ከሚውለው ጋር እንዳይቀላቀል ለብቻው አስቀምጡት። በ2-0 ወይም በ3-0 ውፍረት ክር ጀምሩ፤ 5-0 በጣም ቀጭን ስለሆነ ለጀማሪ እጅ ይበጠሳል።