የቫርኒሽ ማስለቀቂያ ጄል ለአሮጌ የቬኒር ዕቃ፦ ለጀማሪ ያዋጣል?

እዚህ በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ ያገለገሉ ዕቃዎች መሸጫዎች በርካሽ የሚገኙት እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ኮመዲኖዎችና ቡፌዎች አብዛኞቹ ወጥ ጣውላ ሳይሆኑ፣ ተራ እንጨት ወይም ኮምፔንሳቶ ላይ ቬኒር፣ ማለትም ስስ የዋልነት ወይም የማሆጋኒ እንጨት ልባጥ፣ የተለበጠባቸው ናቸው። የልባጡ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነ፣ የኤሌክትሪክ ማለስለሻ ማሽን በጀማሪ እጅ ጠርዝ ላይ ትንሽ ከቆየ ቬኒሩን በልቶ ከሥር ያለውን እንጨት ያወጣዋል፤ ያን ጊዜ በቀለም ከመሸፈን ሌላ መላ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ የብርቱካን ሽታ ያለውን፣ በየሃርድዌር መደብሩ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውን የቫርኒሽ ማስለቀቂያ ጄል የምመዝነው ከዚህ አደጋ አንጻር ነው።

የሞከርኩት ላከር የተባለው አንጸባራቂ ቅብ በተቀባ የዋልነት ኮመዲኖ ላይ ነው። ጄሉ በርካሽ ብሩሽ ወፈር ተደርጎ ተቀብቶ እንዳይደርቅ በስስ ፕላስቲክ ሲሸፈን፣ ላከሩ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ተጨማደደ፤ ጥግና ጥጉ በተሞረደ የፕላስቲክ ስፓቱላ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ሲገፋም እንደ ቀዘቀዘ ሽሮ ተጠቅልሎ ተነሣ። ከሥሩ የወጣው ቬኒር ምንም ጭረት አልነበረበትም። ጄሉ እስከ 24 ሰዓት እርጥብ ሆኖ እንደሚሠራ ማሸጊያው ላይ ቢጻፍም፣ ለቬኒር ይህን ያህል ማቆየት አልመክርም፤ እርጥበቱ በስንጥቅ ገብቶ አሮጌውን ኮላ ሊያላቅቀው ይችላል።

ቅር ያሰኘኝ ጽዳቱ ነው። ጄሉ ቅባት የመሰለ ቅሪት ይተዋል፣ ይህም በደንብ ካልተወገደ አዲሱ ቫርኒሽ አይደርቅም ወይም አይዝም። በውኃ ማጠብ ለቬኒር ስለማይሆን፣ አገር ቤት አኳራጅ የምንለውን፣ እዚህ ሚኒራል ስፒሪት ተብሎ የሚሸጠውን ፈሳሽ ለብቻው መግዛት ያስፈልጋል፤ በመሳቢያ እጀታዎቹ ዙሪያ ባለው ቅርጽ ውስጥ የተደበቀውንም በጥርስ ብሩሽ ደጋግሞ ማውጣት ግድ ነው። ሽታው ደስ ማለቱ ደግሞ ያዘናጋል እንጂ ጓንትም ክፍት መስኮትም ያስፈልገዋል። ያም ሆኖ ፈጣኖቹ የሜቲሊን ክሎራይድ ማስለቀቂያዎች ሰው ገድለው፣ የአሜሪካ አካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2019 ለተራ ሸማች እንዳይሸጡ ስለከለከላቸው፣ የዚህኛው ዝግታ አያስከፋኝም።

ከመግዛት በፊት ግን አንድ ነገር መፈተን ገንዘብ ያተርፋል። በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ ከኋላ እግር በስተውስጥ፣ አልኮል በነካ ጥጥ ሲታሽ ቅቡ ከተጣበቀና ከለሰለሰ ሼላክ የተባለው የቆየ የእንጨት ቅብ ነው፤ ሼላክ በአልኮል ብቻ ስለሚለቅ ጄሉ አያስፈልግም። አልኮሉን ተቋቁሞ በላከር ቲነር የሚሟሟ ከሆነ ላከር ነው፤ ሁለቱንም ከቻለ ቫርኒሽ ወይም ፖሊዩሬቴን ሊሆን ስለሚችል ጄሉን ሁለት ጊዜ መቀባት ሊጠይቅ ይችላል። ዕቃው እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት ቀለም የተቀባ ከሆነ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል አስቀድሞ በመመርመሪያ ማየት ይገባል፤ እርጥቡ ጄል አቧራ አለማስነሣቱ እዚህ ላይ ትልቅ ብልጫው ነው።

ካጸዱ በኋላ የተነሣ የቬኒር ጠርዝ ካለ በቀጭን መርፌ ነጭ ኮላ ከሥሩ አስገብቶ፣ በላዩ ሰም የተቀባ ወረቀት አንጥፎ ከባድ ነገር መጫን ይበቃል። ቀጥሎ ቁጥር 220 የብርጭቆ ወረቀት በእጅ፣ ያውም በስሱ ይታሻል፤ ለጀማሪም በጨርቅ የሚቀባ ቫርኒሽ ከብሩሹ ይልቅ ይቀናል።

ዋጋው ከአንድ እሽግ የብርጭቆ ወረቀት ቢበልጥም፣ እውነተኛ ቬኒር ላላቸው ሰዎች ጄሉን ያለማመንታት እመክራለሁ። የእንጨት ሥዕል በታተመበት ወረቀት ወይም ፕላስቲክ ለተሸፈነ ዕቃ ግን አይሆንም፤ ሥዕሉንም አብሮ ሊያነሣው ይችላል። ለመለየት ጠርዙን በቅርብ ማየትና የእንጨቱ መስመር በየቦታው አንድ ዓይነት ሆኖ የሚደጋገም መሆኑን ማስተዋል ይረዳል።