የመጥለቂያ ሬጉሌተሬ፦ ትንፋሹ ግሩም፣ ጥገናው መከራ

ይህን ሬጉሌተር፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ከታንኩ አየር የምተነፍስበትን ዕቃ፣ ከገዛሁት ዓመት አልፎታል። የምጠልቀው ቀይ ባሕር ላይ፣ እስራኤል ውስጥ ኤላት ነው። አተነፋፈሱን በተመለከተ ምንም እንከን አይወጣለትም። ታንኩ ሊያልቅ ሲል፣ ግፊቱ 50 ባር ላይ ሲደርስ እንኳ አየሩ ልክ እንደ መጀመሪያው ሳይከብድ ይመጣል። ያንገበገበኝ ሌላ ነው።

አንድ ጠዋት ታንኩን ከፈትኩ። መጀመሪያ ጸጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ አፍ ላይ ከሚያዘው ክፍል ፍስስ ማለት ጀመረ። የፊቱን ቁልፍ ጫን ሳደርገው ዝም ይላል፤ መልሶ ደግሞ ይጀምራል። ይህ ምልክት የታወቀ ነው። ታንኩ ላይ የሚታሰረው ፈርስት ስቴጅ 200 ባር የሚሆነውን ግፊት ከአካባቢው ግፊት በላይ ወደ 10 ባር ገደማ ያወርደዋል። ያን የሚዘጋው ከሽንብራ የማይበልጥ ፕላስቲክ ነው። እሱ ሲበላ ግፊቱ ቀስ እያለ ይጨምርና በአፉ በኩል ይወጣል። ዕቃው ሲበላሽ አየር እንዲያፈስ እንጂ እንዳይዘጋ ተደርጎ መሠራቱ ደግ ነው። ግን እያፈሰሰ አይጠለቅበትም።

ታዲያ ያቺ ፕላስቲክ የለችም! ቴክኒሻኑ ገና ሲያየው ራሱን ነቀነቀ። "የዚህን ኪት እዚህ የሚያመጣ የለም" አለኝ፤ ኪት የሚለው በሰርቪስ ጊዜ የሚቀየሩትን ትናንሽ ዕቃዎች ነው። ከውጭ ታዘዘ። ባሕሩ ደጄ ላይ፣ ውሃው በብርዱ ወቅት እንኳ ከ20 ዲግሪ በላይ፣ እኔ ግን የኪራይ ዕቃ ይዤ ሳምንታት አለፉ።

ሻጩ ሲሸጥልኝ "የትም ታሠራዋለህ" ነበር ያለኝ። የት ነው የትም? አሁን ቢያገኘኝ "በደንብ አላጠብከው ይሆናል" እንደሚለኝ አውቃለሁ። አጥቤዋለሁ። ጠልቄ በወጣሁ ቁጥር ክዳኑን አድርቄ ገጥሜ፣ ቁልፉን ሳልጫን፣ ንጹህ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌዋለሁ። የዚህ ባሕር ጨው በኪሎ ውሃ 40 ግራም ገደማ ነው፤ ውቅያኖሱ 35 አካባቢ ነው። እዚህ የሚሸጥ ሰው ይህን ማወቅ አለበት። "ተመሳሳይ ፕላስቲክ ይገባለታል" የሚሉኝም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 ለጠላቂዎች ተብላ እዚህ እንድትሰጥም የተደረገችው ሳቲል የተባለች የጦር ጀልባ ጋ፣ ከ20 ሜትር በታች ሆኜ፣ የሰው ግምት መተንፈስ አልፈልግም።

የኪራይ ሬጉሌተሮቹን ልብ ብዬ ያየኋቸው ያኔ ነው። ፈርስት ስቴጃቸው በፒስተን የሚሠራ፣ ቀላል ዓይነት ናቸው። ታንኩ እያለቀ ሲሄድ ትንፋሽ ይከብድባቸዋል፣ አዎ። ግን ውስጣቸው ጥቂት ዕቃ ነው ያለው፤ ኪታቸውም ከቴክኒሻኑ መሳቢያ አይጠፋም። በየቀኑ ስንቱን ጀማሪ ያስጠልቃሉ።

አሁን የእኔም ተሠርቷል። ዝም ብሏል። አልሸጠውም፤ በእሱ መተንፈስ ደስ ይለኛል። ለሰው ግዛ ብዬ ግን አልመክርም፣ ቢያንስ እዚህ ለሚኖር። ሬጉሌተር የምትገዙ ሰዎች፣ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት በአካባቢያችሁ ያለውን ቴክኒሻን "የየትኛው ዕቃ ኪት አለህ?" በሉት። እሱ ከሚጠራላችሁ ውስጥ ምረጡ። እኔ ደግሞ የሚቀጥለውን ሰርቪስ ኪት ካሁኑ አዝዣለሁ።