የፒቱታሪ ቀዶ ሕክምና ክትትል፦ ሶዲየም ላይ ጎበዞች፣ ወረቀት ላይ ደካሞች

እናቴ ሜሪላንድ ውስጥ በአፍንጫ በኩል የፒቱታሪ (አንጎል ሥር ያለች፣ ሆርሞን የምታወጣ ትንሽ እጢ) ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። የሆስፒታሉን ስም የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። ስለ ኦፕራሲዮኑ ብዙ አልልም፣ አሪፍ ነበር። የምጽፈው ቤት ከገባን በኋላ ስላለው ክትትል ነው፤ ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሰው ተመልሶ ሆስፒታል ከሚገባባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ደም ውስጥ ያለው ሶዲየም (የጨው ንጥረ ነገር) መውረድ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኩላሊት ውሃ እንዲይዝ የሚያዘው ሆርሞን የሚከማቸው ፒቱታሪ ውስጥ ነው። እሱ ሲነካካ ሆርሞኑ ያለ ልክ ይለቀቅና ውሃው ሰውነት ውስጥ ይቀራል፣ ሶዲየሙም ይቀጥናል። ደግሞ ወዲያው አይመጣም። አብዛኛውን ጊዜ ከ5ኛው እስከ 9ኛው ቀን ነው፤ በሽተኛው ቤቱ ገብቶ፣ ሁሉም ተመስገን ብሎ ዘና ባለበት ሰዓት።

የወደድኩት ጠርሙሱን ነው። ነርሷ ስታስወጣን መስመር የተሰመረበት ባለ 1 ሊትር ጠርሙስ ሰጠችን። ጠዋት ይሞላል፣ እስከ ማታ እሱ ብቻ። ቡና ከተጠጣ የሲኒዋን ያህል ከጠርሙሱ ይደፋል። ሾርባም ይቆጠራል፣ አጥሚትም። እኛ ቤት ይሄ ቀላል አይደለም፤ ጠያቂው ሁሉ ጁስና አጥሚት ይዞ ነው የሚመጣው፣ «ይጠጡ እንጂ እማማ፣ ውሃ ምን ይጎዳል!» እያለ። ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ ማሳየት ክርክሩን ያሳጥራል። ሽሮው ላይ ጨው ጨምሩ ያሉም ነበሩ፤ የበዛው ግን ውሃው ነው።

የ7ኛው ቀን የደም ምርመራ ቀጠሮ የተያዘው ገና ሳንወጣ ነው። ጤነኛው የሶዲየም ልክ ከ135 እስከ 145 ነው፣ የእሷ 132 ሆነ። በዚያው ቀን ተደወለልን። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መደናገር አለ ወይ? የለም። ውሃው ትንሽ ይቀነስና ምርመራው ይደገም ተባለ፣ ተደገመ፣ ተስተካከለ። ማስታወክ ወይም መደናገር ካለ ግን ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል፤ በጣም የወረደ ሶዲየም እንደሚጥል በሽታ ሰው ያንቀጠቅጣል፣ በፍጥነት ከፍ ማድረጉ ደግሞ አንጎል ስለሚጎዳ የቤት ሙያ አይደለም። ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ሲያንስም ሶዲየም ይወርዳል፣ እሱንም አብረው አዩላት።

አሁን ወደ ወቀሳው። ከሰጡን ፎልደር አንዱ ገጽ በቀን 1 ሊትር ይላል፣ ሌላው ድርቀት እንዳይመጣ ፈሳሽ በብዛት ይጠጡ ይላል። ኧረ በሕግ! ለሁሉም በሽተኛ የሚታደል ወረቀት ነው፣ ማንም አላወጣውም። ሁሉም በእንግሊዝኛ፤ አስተርጓሚ በስልክ አለ፣ ግን ማታ ሲደወል ማን ያነሳዋል።

ከ5 ኮከብ 4።

አንድ ነገር፦ ይህን የ1 ሊትር ልክ ሐኪም ሳያዝ በራሳችሁ እንዳትጀምሩ። ከዚሁ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሽንት እየበዛ በጣም የሚጠማቸው አሉ፤ የእነሱ ችግር ተቃራኒው ነው፣ ውሃ መከልከል ይጎዳቸዋል። የደም ምርመራ ቀጠሮም ከመውጣታችሁ በፊት አስይዙ፣ 7ኛው ቀን ቅዳሜ ወይም እሁድ ከዋለ የት እንደሚሠራ ጭምር ጠይቁ።