ኦኤስኤፍ ላይ የድጋሚ ጥናት ዕቅድ ማስመዝገብ፦ ሦስት ሳምንት የፈጀብን ቅጽ

አንድ ከሰዓት ቁጭ ብዬ የምጨርሰው መስሎኝ የከፈትኩት ቅጽ ሦስት ሳምንት ፈጀብን። እነዚያ ሦስት ሳምንታት ባይኖሩ ምን ዓይነት ጥናት ልንሠራ እንደነበር ሳስበው ግን እስካሁን ይደነግጠኛል። በዓይን ምስክር ትውስታ ላይ የተሠራን ሙከራ ደግማችሁ ለመሥራት ካሰባችሁ ይህን ሳታነቡ አትጀምሩ።

አገልግሎቱ ኦፕን ሳይንስ ፍሬምወርክ፣ በአጭሩ ኦኤስኤፍ ይባላል። የሚያስተዳድረው ሴንተር ፎር ኦፕን ሳይንስ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፤ ክፍያ የለውም። ዳታ መሰብሰብ ከመጀመራችሁ በፊት ዕቅዳችሁን ታስመዘግባላችሁ፣ ቀኑ ተጽፎበት ይቆለፋል። ከሚያቀርባቸው ቅጾች እኛ የመረጥነው «ሪፕሊኬሽን ረሲፒ» የሚባለውን ነው። ማርክ ብራንትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ለድጋሚ ጥናት ብለው ያዘጋጁት መመሪያ ነው።

ልንደግመው የያዝነው ጆናታን ስኩለርና ቶንያ ኤንግስትለር-ስኩለር እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጡትን ሙከራ ነው። ተሳታፊዎች የባንክ ዝርፊያ የሚያሳይ ቪዲዮ ያያሉ። ከፊሎቹ የዘራፊውን መልክ በጽሑፍ ይገልጻሉ፤ የቀሩት የአሜሪካን ግዛቶችና ዋና ከተሞቻቸውን ይዘረዝራሉ። በመካከል ሁሉም ሐሳባቸውን የሚወስድ ሌላ ሥራ፣ ማለትም ማዘናጊያ፣ ይሰጣቸዋል። በመጨረሻ ፎቶዎች ተደርድረው ይቀርቡላቸውና ዘራፊውን ይለያሉ። መልኩን በቃላት የገለጹት ዘራፊውን በመለየት ካልገለጹት በ25 በመቶ አንሰው ተገኙ። ምስክር ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ምን ይመስላል?» ተብሎ ነው። ያ ጥያቄ ራሱ ትውስታውን የሚያደበዝዝ ከሆነ በሌላ ሰው ላይ ጣት ሊቀሰር ነው። ስለዚህ ይህን ሙከራ እንደ ተራ የመመረቂያ ሥራ ላየው አልቻልኩም።

ወደ ቅጹ ልመለስ። ልቤን የወሰደው ክፍል ልዩነቶችን የሚያስመዘግበው ነው። መመሪያውን፣ መለኪያውን፣ ለተሳታፊ የሚታየውን ነገር፣ ሂደቱን፣ ቦታውን፣ ክፍያውን፣ ተሳታፊዎቹን አንድ በአንድ እያነሣ፣ ከመጀመሪያው ጥናት ጋር ፍጹም አንድ ነው፣ ይቀራረባል ወይስ ይለያል ብሎ ይጠይቃል። «ሂደት» የሚለው ጋ ስደርስ ሳላመነታ «አንድ ነው» ብዬ አለፍኩ። በማግስቱ የሥራ ጓደኛዬ ደወለችልኝ።

«ገለጻውን የሚጽፉት መቼ ነው?» አለችኝ።

«ቪዲዮው እንዳለቀ ነዋ!»

«እኔ እኮ ከማዘናጊያው ሥራ በኋላ ነው ያደረግኩት። 20 ደቂቃ ቆይተው።»

ለሁለት ወር አብረን ስናወራ ከርመን ሁለት የተለያዩ ሙከራዎች ይዘን ነበር። ደግሞም ተራ ልዩነት አይደለም። ይህንኑ ሙከራ ብዙ ቤተ ሙከራዎች ተባብረው ደግመውት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። በመጀመሪያው ዙር 31 ቤተ ሙከራዎች፣ በሁለተኛው 22 ተሳትፈዋል። በሁለቱ ዙሮች መካከል የተቀየረው የገለጻውና የማዘናጊያው ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ገለጻው ቪዲዮው እንዳለቀ ሲጻፍ ልዩነቱ 4 በመቶ ሆነ፤ 20 ደቂቃ ዘግይቶ ሲጻፍ 16 በመቶ። እኔ በአንዲት «አንድ ነው» ቃል የሸፈንኩት ይህን ሁሉ ነበር።

የተሳታፊ ብዛትን የሚመለከተው ጥያቄ ደግሞ ቁጥሩን ብቻ አይቀበልም፤ ለምን ያን ያህል እንደሆነ ያስጽፋል። ምክንያቱን ለመጻፍ ስንል ማስላት ግድ ሆነብን። ዘራፊውን የሚለዩት ግማሽ አካባቢ ናቸው ብለን ተነሣን፣ ልዩነቱ ካለ የማግኘት ዕድላችን 80 በመቶ እንዲሆን ፈለግን። የ25 በመቶ ልዩነት ለማየት በየቡድኑ ወደ 60 ሰው ይበቃል። ለ16 በመቶ ወደ 150 ያስፈልጋል። ለ4 በመቶ ከ2,400 በላይ! በድሮው ቁጥር ተማምነን ብንገባ ኖሮ ምንም ሳናገኝ «ውጤቱ የለም» ብለን ልንጽፍ ነበር። እኛ በ16ቱ ሄድን።

ሙከራውን የሚያካሂደው ሰው ተሳታፊው የትኛው ምድብ ውስጥ እንዳለ ያውቃል ወይ የሚል ጥያቄም አለ። ረዳታችን ወረቀቱን ስታድል ምድቡን ታይ ነበር። እሷው ደግሞ ስምንቱን ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ትደረድራለች። ዘራፊው ሦስተኛው ላይ ነው እንበል፤ ሳታስበው ዓይኗ እዚያ ላይ ትንሽ ቢቆይስ? አሁን ወረቀቱ በታሸገ ፖስታ ይሰጣል፤ ፎቶዎቹን የሚያቀርበው የትኛው ዘራፊው እንደሆነ የማያውቅ ሌላ ሰው ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ እወቁ። ኦኤስኤፍ ዕቅዱን ይመዘግባል እንጂ አይገመግምም። ደካማ ዕቅድም እንደ ጥሩው ቀን ተጽፎበት ይቀመጣል። ዳታ ከመሰብሰባችሁ በፊት ገምጋሚ እንዲያየው ከፈለጋችሁ ዕቅዱን አስቀድሞ ገምግሞ የሚቀበል መጽሔት ፈልጉ። እኛ ለዚያ ጊዜ ስላልነበረን ሁለት የትውስታ ተመራማሪዎችን ለምነን አስነበብን፤ የፖስታው ሐሳብ የመጣው ከአንዷ ነው።

ዕቅዱ ቢሰረቅስ ብላችሁ ለምትሰጉ፣ ምዝገባውን እስከ አራት ዓመት ከሕዝብ እይታ ማቆየት ይቻላል። በኋላ የምታሻሽሉት ነገር ካለም ምክንያቱን ጽፋችሁ ታስገባላችሁ፤ የመጀመሪያው ቅጂ ግን አይጠፋም። ብትሰርዙት እንኳ ርእሱና የአስመዝጋቢዎቹ ስም ይቀራል። ይህ የሚያስፈራው ሰው አለ። እኔ ግን አገልግሎቱን ያመንኩት በዚህ ነው።

ምዝገባውን ካስገባችሁ በኋላ ለፕሮጀክቱ አስተዳዳሪዎች ኢሜይል ይላካል፤ ለማጽደቅ ወይም ለመሰረዝ 48 ሰዓት አላችሁ፤ ዝም ካላችሁ በራሱ ይጸድቃል። ዝም ብለን ማሳለፍ እንችል ነበር። ግን ያን ምሽት ከጓደኛዬ ጋር በስልክ ሆነን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብለን አነበብነው። «ሂደት» ጋ ስንደርስ እሷ ናት ያነበበችው፦ ቪዲዮ፣ ከዚያ 20 ደቂቃ ማዘናጊያ፣ ከዚያ ገለጻ፣ ከዚያ ፎቶ። ከዚያ ሁለታችንም አጸደቅነው።